አባባን በመኪና ወደ ድሬ ልውሰዳቸው?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። አባቴ 74 ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ድሬዳዋ፣ ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነው። እናታችን ካረፈች በኋላ አዲስ አበባ ከእኔ ጋር ይኖራሉ። ዘንድሮ ወንድሜ ለገና ከአሜሪካ ሁለት ልጆቹን ይዞ ይመጣል። ትልቁ 13፣ ትንሿ 9 ዓመታቸው ነው። እኔ ሁላችንም በመኪና ከለገሃር ተነስተን፣ የድሮዎቹን የባቡር ከተሞች እያየን ድሬ፣ ከዚያም ሐረር እንድንገባ ፈልጌ ነበር። ወንድሜ «በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ነው፤ ሁለት ቀን አይተን እንመለስ» ይላል። መንገዱንም ይፈራል። አባባን ስጠይቃቸው «ምን ቀርቶ ነው የምታሳዩኝ? ሐዲዱ እንኳ ተነቅሏል» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ግን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው የጣቢያዎቹን ስም በተራ ሲጠሩ እሰማቸዋለሁ። ብንሄድ ይጎዳቸው ይሆን? ስንት ቀን ይበቃል? የት የት እንቁም?

የባቡረኛው ልጅ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

የኔ እህት፣ ደብዳቤሽን ሳነብ የጣቢያዎቹ ስም ጋ ስደርስ መነጽሬን አወለቅኩ። የቀረውን ሻይ ጠጥቼ ነው የጨረስኩት። መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ሂዱ። በመኪና ሂዱ። ሁለት ቀን ግን አይበቃም። በሁለት ቀን ከሆነ ባትሄዱ ይሻላል።

«ምን ቀርቶ ነው» ያሉትን እንደ እምቢታ አትውሰጂው። የእኛ አባቶች «ውሰዱኝ» አይሉም። «ለምን ትቸገራላችሁ» ይሉና ጫማቸውን ጠርገው በር ላይ ይጠብቃሉ። የአባትሽ ግን ይሉኝታ ብቻ አይመስለኝም። ፈርተዋል። ዕድሜያቸውን የሰጡት ነገር ዝጎ ቢያገኙት ምን እንደሚሆኑ አያውቁም።

ይህን የምልሽ ራሴ ስላጠፋሁ ነው። ከዓመታት በፊት አጎቴን ወደ ተወለዱበት ከተማ ወሰድኳቸው። ሰርፕራይዝ መሆኑ ነው። የአባታቸው ቤት መፍረሱን አውቃለሁ፤ አልነገርኳቸውም። ሲያዩት ያያሉ ብዬ። መኪናው ቆመ። አጎቴ በመስኮት ባለ አራት ፎቁን ሕንፃ አዩትና «መንገድ ስተሻል ልጄ፤ ከተማው ይሄ አይደለም» አሉኝ። ከመኪናው አልወረዱም። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስለ ጤፍ ዋጋ አወሩ።

ስለዚህ ከመኪናው በፊት ወሬው ይቅደም። ድሬ ያሉ የሥራ ጓደኞቻቸው ስልክ አላቸው አይደል? ይደውሉላቸው። ማን አለ፣ ማን አረፈ፣ ጣቢያው ምን ላይ ነው፣ የእኛ ቤት ማን ገባበት፣ ይጠይቁ። ባቡሩ ከለገሃር መነሳት ካቆመ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሐዲዱም በብዙ ቦታ የለም። ይህን እሳቸው ከአንቺ በላይ ያውቁታል። ግን ከጓደኛ ጋር በስልክ እየተሳሳቁ ያወሩትን ነገር በዓይን ማየት ትንሽ ይቀላል።

ቀጥሎ ደብተር ግዢ። ባለ 50 ሉኩ ይበቃል። ለ13 ዓመቱ ልጅ ስጪውና አያቱ አጠገብ አስቀምጪው። ሥራው አንድ ነው፦ ሌሊት የምትሰሚያቸውን ስሞች በተራ መጻፍ። ለገሃር፣ አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ... እያለ ይቀጥላል። አባትሽ «ደብረ ዘይት» እና «ናዝሬት» ቢሉ እንዳታርሚያቸው። ልጁ ሁለቱንም ስም ጎን ለጎን ይጻፍ። የጉዞው ካርታ ያ ደብተር ነው። አባትሽም ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚጎበኙ ሽማግሌ አይደሉም፤ መሪ ናቸው። አንቺም ወንድምሽም የእሳቸው ተሳፋሪዎች ናችሁ።

ልጆቹ አማርኛው ከከበዳቸው ወንድምሽ ያስተርጉም። እሱም ይማርበታል። እንዲህ ያለ ነገር ከአባቱ ጠይቆ የሚያውቅ አይመስለኝም። አብዛኞቻችን አልጠየቅንም።

ለልጆቹ ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ነገር ንገሪያቸው። ከነዚህ ከተሞች ብዙዎቹን ያሳደጋቸው፣ አንዳንዱንም ከነጭራሹ የወለደው ባቡሩ ነው። ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰና ቆመ። ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ የአውሮፓ መንግሥታት ተነታረኩ። በ1908 አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው ቀጠለ። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። 784 ኪሎ ሜትር ለመዘርጋት 20 ዓመት ማለት ነው። የእንፋሎት ባቡር ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ባቡር ውሃ የሚጠጣበት ቦታ ሰው ይቀመጣል። ሰው የተቀመጠበት ሻይ ቤት ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ከተማ ለመሆን ብዙ አይቀረውም።

አሁን ወደ መንገዱ።

ጊዜውን አስቀድመሽ አስተካክይ። ወንድምሽ ለገና ከመጣ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል መንገዱ ላይ ነው። ለመሳለም ካልሆነ በቀር በዚያ ሰሞን፣ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎም ሆነ በኋላ፣ ያን መስመር ተዉት። መኪናው እንደ ኤሊ ነው የሚሄደው። አልጋም አይገኝም። ገናን ቤት አክብራችሁ በማግሥቱ ወይም በሳልስቱ ውጡ። አየሩም ለድሬ ከሁሉም የሚሻለው ያኔ ነው። ሚያዝያና ግንቦት ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ይዘሽ እንዳትሄጂ እመክርሽ ነበር።

ከለገሃር ተነሱ። እ.ኤ.አ. በ1929 የተሠራው ሕንፃ ዛሬም ቆሟል። ፊት ለፊቱ ያለውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ለልጆቹ አሳዩአቸው። ጣሊያን ዘርፎ ሮም ወስዶት ነበር፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የተመለሰው። «ለገሃር» የሚለው ስም ራሱ ፈረንሳይኛ መሆኑን አባትሽ ያስረዷቸው። ጣቢያው ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። እሳቸው ሲበቃቸው ይነግሯችኋል።

ከከተማ ለመውጣት በፈጣን መንገዱ ሂዱ። በአሮጌው መንገድ አቃቂንና ዱከምን ማለፍ የሚያምረው ወሬ ላይ ነው፤ በተግባር ግን ግማሽ ቀን ከሲኖትራክ ኋላ መቆም ነው። ሞጆ ላይ ውጡና ከተማዋን እለፉባት። ዛሬ ሞጆን ሰው የሚያውቃት በደረቅ ወደቡና በቆዳ ፋብሪካዎቿ ነው። አባትሽ ግን የሚያሳዩአችሁ ሌላ ነገር ይኖራቸዋል። አዳማ ላይ ምሳ ብሉ፣ ነዳጅ ሙሉ፣ ሽንት ቤት ግቡ። ለአዳማ ልጆች ይቅርታ፣ በዚህ ጉዞ ላይ ከዚህ በላይ ጊዜ የለንም።

ከወለንጪቲ በኋላ መሬቱ ይለወጣል። ግራር፣ ጥቁር ድንጋይ፣ ሙቀት። መተሐራ ስትደርሱ በሰቃ ሐይቅ መንገዱ ድረስ መጥቶ ታገኙታላችሁ። ይህ ሐይቅ በአባትሽ ልጅነት ትንሽ ኩሬ ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ10 እጥፍ በላይ ሰፍቷል። ሐዲዱንም መንገዱንም ሲያስጨንቅ የኖረ ውሃ ነው። ጠይቂያቸው፤ ባቡረኛ ሁሉ ስለ በሰቃ የሚያወራው አለው። ከበስተ ጀርባው ያለው ተራራ ፈንታሌ ነው፣ እሳተ ገሞራ። እ.ኤ.አ. ከ2024 መገባደጃ እስከ 2025 መጀመሪያ ያንን አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ደጋግሞ መትቶት ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ወጥቷል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ምን እንደሚመስል ጠይቁ። ስለ ጸጥታውም እንዲሁ። ሰሞኑን የተመላለሰ ሾፌር ጠይቁ፤ ፌስቡክ ላይ የተጻፈውን አይደለም። ወንድምሽ የሚፈራው በከንቱ አይደለም። አትሳቂበት። ሾፌሩ «ቆዩ» ካለ ቆዩ።

የመጀመሪያው ሌሊት አዋሽ ሰባት ይሁን። እዚህ ላይ ከወንድምሽ ጋር ብትጣዪም ቅር አይለኝም። «ከአዲስ አበባ 200 ምናምን ኪሎ ሜትር ብቻ ሄደን እንተኛለን?» ይላል። አዎ፣ ትተኛላችሁ። ድሮ ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ተሳፋሪው አንዱን ሌሊት ድሬ፣ አንዱን አዋሽ ያድራል። ቡፌ ዳዋሽ የሚባለው የጣቢያው ማረፊያ የቆመው ለዚህ ነው። ሰፊ በረንዳ፣ ቡገንቪሊያ፣ ፊት ለፊት ሐዲድ። ከአዋሽ አልፎ የሄደ እንግዳ ሁሉ እዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያውቃል። አልጋውን ከመያዛችሁ በፊት ግን ግቡና እዩት። ካልተመቻችሁ ሌላ ቦታ ተኙና እዚያ ሻይ ጠጡ። እኔ አንድ ጊዜ ምሥራቅ ስሄድ፣ የትኛው ሆቴል እንደሆነ አልናገርም፣ በስልክ የያዝኩትን ክፍል ለሠርገኛ ሰጥተውብኝ መኪና ውስጥ አድሬአለሁ። ከዚያ ወዲህ ቀብድ ሳልልክ፣ ደረሰኙንም ሳልይዝ አልነሳም።

አዋሽ ላይ ምንም ፕሮግራም አትያዙ። ከሰዓት በኋላ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ግቡ፣ አባትሽ ትንሽ ይረፉ፣ ሲበርድ ወደ ጣቢያው አብራችሁ ሂዱ። ሐዲዱ ላይ ይቁሙ። ምናልባት ይናገራሉ፣ ምናልባት ዝም ይላሉ። ዝም ካሉ አንቺም ዝም በይ። ልጆቹ ደግሞ ሐዲዱ ላይ ሚዛን እየጠበቁ መራመድ ይወዳሉ፤ ይጫወቱ። ድልድይና ኬላ አካባቢ ግን ስልካችሁን ኪስ ክተቱ፤ በፎቶ የተነሳ ቀናችሁ እንዳይበላሽ። ጊዜ ካላችሁ ጠዋት አዋሽ ፓርክ ገብታችሁ ፏፏቴውን አይታችሁ ትወጣላችሁ። ሳላ ካያችሁ ትንሿ ልጅ የምታወራው እሱን ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛው ቀን ረጅም ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተነሱ። ከአዋሽ በኋላ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች አብዛኞቹ ወደ ግራ፣ ወደ ሚሌ ስለሚታጠፉ ትንሽ ትተነፍሳላችሁ። ሚኤሶን ካለፋችሁ በኋላ ግን መኪናውና ባቡሩ ይለያያሉ። ሐዲዱ ቆላ ለቆላ፣ ሙሉ፣ አፍደምና ኤረር በሚባሉ ጣቢያዎች በኩል ይሄዳል። እናንተ ወደ ተራራው ትወጣላችሁ። አሰበ ተፈሪ፣ ሂርና፣ ጨለንቆ፣ ቁልቢ። አባትሽ «ይሄ መንገድ የእኛ አይደለም» ይሉ ይሆናል። እውነታቸውን ነው። ያኔ ደብተሩ ይከፈት። በዓይን የማታዩአቸውን ጣቢያዎች እዚያ ላይ ያስጽፏችሁ፤ እናንተ በዳገቱ ስትዞሩ እሳቸው በቆላው ይሂዱ።

ጠመዝማዛው ለልጆች ሆድ አይመችም። ዝንጅብል፣ ሎሚና ፌስታል ያዙ። ደግሞ ጫት የጫነ መኪና ከኋላ ካያችሁ ጥግ ይዛችሁ አሳልፉት። ከእሱ ጋር መሽቀዳደም የለም። ጫት ገበያ አይጠብቅም፤ ሾፌሩም እንደዚያው።

ጨለንቆ ላይ አቁሙ። ብዙ ሰው ሳያይ የሚያልፋት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በጥር 1887 የምኒልክ ጦርና የሐረሩ አሚር አብዱላሂ ጦር የተዋጉት እዚህ ነው። ሐረር ወደ ምኒልክ ግዛት የገባችው ከዚህ ውጊያ በኋላ ነው። ለሞቱት የቆመ የመታሰቢያ ሐውልት አለ። ስለዚህ ቀን አንቺ ትምህርት ቤት የተማርሽውና የአካባቢው ሰው የሚነግርሽ አንድ ላይሆን ይችላል። አትከራከሪ፤ ስሚ። ልጆቹም ይስሙ። ምኒልክ ለባቡሩ ፈቃድ የሰጡት ከዚህ ውጊያ 7 ዓመት በኋላ መሆኑን ደብተሩ ላይ ይጻፉት። ያለዚህ ቀን ሐዲዱ በዚህ በኩል ላያልፍ ይችል ነበር።

በዓል በሌለበት ጊዜ ቁልቢ ጸጥታ ነው። ራስ መኮንን ከዐድዋ ዘመቻ በፊት ተስለው ከድል በኋላ ያሠሩት ደብር ነው። አባትሽ ኦርቶዶክስ ከሆኑ ሳይሳለሙ አያልፉም። ካልሆኑም ከፍ ያለ ቦታ ነው፣ አየሩ ይመቻል፣ እግር ይፍታታበታል።

ከዚያ ደንገጎ። መንገዱ እዚህ ለሁለት ይከፈላል፤ ቀጥታው ሐሮማያና ሐረር፣ ወደ ታች የሚወርደው ድሬ። መኪናውን አቁሙና ቁልቁል እዩ። ባቡሩ መጀመሪያ ሐረር ድረስ እንዲወጣ ነበር የታሰበው። ተራራውን አይተው፣ ወጪውን አስልተው ተዉት። ከሥር ሜዳው ላይ ጣቢያ ተከሉ። ያ ጣቢያ ድሬዳዋ ሆነ። መጀመሪያማ ስሙም «አዲስ ሐረር» ነበር። አባትሽ የኖሩበት ከተማ የተፈጠረው ባቡር ዳገት መውጣት ስላቃተው ነው። ልጆቹ ይህን እዚያ ቆመው ከሰሙት አይረሱትም። ብቻ 11 ሰዓት ሳይሞላ ድረሱ። ደንገጎን በጨለማ፣ በተለይ ጉም ካለ፣ አልመክርም።

ድሬ ላይ ሦስት ሌሊት። ከዚህ በታች አልደራደርም።

ድሬ የራሷ ሰዓት አላት። ጠዋት ትነቃለች፣ ከምሳ በኋላ ትዘጋለች፣ ማታ እንደገና ትወለዳለች። ከቀትር በኋላ ለጉብኝት መሮጥ ከፀሐይም ከሰውም ጋር መጣላት ነው። ያኔ ተኙ። የአባትሽ የድሮ ጓደኞች በርጫ፣ አብሮ ጫት ለመቃም፣ ሊጠሯቸው ይችላሉ። «አባባ፣ የደም ግፊትዎ» ብለሽ ከበር እንዳትመልሺያቸው። ሐኪማቸውን አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ካልፈቀደ ጀማው መሀል ሻይ እየጠጡ ይቀመጡ። የሄዱበት ጉዳይ ወሬው ነው። መድኃኒታቸውን ግን አንቺ ያዢው። ውሃም ቶሎ ቶሎ ስጪያቸው። ትንኟ በቀንም ትናከሳለችና ለልጆቹ ቅባት ግዢ።

መጀመሪያ ከዚራን በእግር ዙሩ። ፈረንሳዮቹ የቀየሱት ሰፈር ነው። ቀጥ ያለ መንገድ፣ ጥላ ዛፍ፣ ዝቅ ያለ ባለ በረንዳ ቤት። ከዚያ ደቻቱ የሚባለውን ወንዝ ተሻግራችሁ ወደ መጋላ ሰፈር ሂዱ፤ ቀፊራ ገበያ ቅስት ቅስቱ በር ያለው ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው። እንደ ሜዳ ይራመዱበታል። ግን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ድሬ ውስጥ ያን ሌሊት የማያስታውስ የለም። ልጆቹ አሸዋው ላይ ሲሮጡ አባትሽ ዝም ካሉ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ቁርስ ፈጢራ ነው፣ በእንቁላልና በማር። ከሰዓት በኋላ ሙሸበክ፣ ጣፋጩ። የልጅ ልጆቹ ይህን ከበሉ በኋላ ስለ ታሪክ ብታወሪላቸው ይሰሙሻል።

አሁን ዋናው። ጣቢያውና ወርክሾፑ። የጣቢያው ፊት ላይ በፈረንሳይኛ የተጻፈው እስካሁን ይነበባል። ድሬ ሰው ባቡሩን «ሸመንደፈር» የሚለው ከዚያው ነው። ወርክሾፑ ውስጥ ያረጁ ሎኮሞቲቮች፣ ፉርጎዎችና ትልልቅ ማሽኖች አሉ። ያለ ፈቃድ አትገቡም። ግን ፈቃዱን አንቺ እንዳትጠይቂ። አባትሽ በጓደኞቻቸው በኩል ይጠይቁ። መታወቂያቸውን፣ የድሮ ፎቷቸውን፣ የጡረታ ደብተራቸውን ይያዙ። በር ላይ ያለው ዘበኛ የማን ልጅ እንደሆነ አይታወቅም፤ ድሬ ነው አቦ!

ሲገቡ እሳቸው ይቅደሙ። እናንተ አሥር እርምጃ ኋላ ሁኑ። ልጆቹ ስልካቸውን አውጥተው እንዳይቀርጿቸው አደራ። ሰው እያለቀሰ መቀረጽ አይወድም፤ እየተቀረጸ ደግሞ አያለቅስም። የትኛው ማሽን ላይ ይሠሩ እንደነበር ራሳቸው እስኪያሳዩ ጠብቁ። ካሳዩ በኋላ ትልቁን ልጅ ጠርተው እጁን ማሽኑ ላይ ቢያስቀምጡት አይገርመኝም። አንድ ሰዓት ቢሉ ሦስት ሰዓት ያዢ።

ምናልባት ግን በር ላይ ቆመው «በቃኝ፣ እንሂድ» ይሉ ይሆናል። ሂዱ። አትለምኗቸው። ለዚህ ነው ሦስት ሌሊት ያልኩት። በማግሥቱ ራሳቸው «ትናንት ሳላሳያችሁ» ሊሉ ይችላሉ። ባይሉም ድሬን አይተዋል። የወንድምሽ የሁለት ቀን ፕሮግራም ይህን ዕድል አይሰጣቸውም።

አዲሱ ባቡር? እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ውጭ ነው። ልጆቹ ማየት ይፈልጉ ይሆናል። አባትሽን አስቀድመሽ ጠይቂያቸው። አንዳንድ አሮጌ ባቡረኛ ያንን ባቡር አይለውም። አንዳንዱ ደግሞ ስለ ሞተሩ እስኪመሽ ይጠይቃል። የአንቺ አባት የትኛው እንደሆኑ እኔ አላውቅም።

ሐረር ከድሬ 50 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት። ከድሬ ሙቀት በኋላ ሹራብ ያስፈልጋል፣ ሐረር ከፍታዋ ወደ 1,900 ሜትር ነው። መንገድ ላይ ሐሮማያ ሐይቅን እዩ። ደርቆ ከብት ይግጥበት ነበር፤ አሁን ውሃው እየተመለሰ ነው።

በግንብ በታጠረው የድሮ ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ መኪና ይዛችሁ እንዳትገቡ። በሩ ላይ ውረዱና ወደ ፈረስ መጋላ በእግር ግቡ። ግንቡን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን። የጥንቶቹ በሮች አምስት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ስም አላቸው። አስማዲን በሪ፣ ሸዋ በር። በድሪ በሪ፣ ቡዳ በር። ይህንንም ደብተሩ ላይ ጻፉት፤ እንደ ናዝሬትና አዳማ። ዩኔስኮ ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ2006 ሲመዘግብ በውስጧ 82 መስጊዶች አሉ ብሏል፤ ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን። መኪና ግርግር የሚባለውን መንገድ ውደዱት። ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ ማሽን ድምፅ ነው። ለአባትሽ እዚያው ሱሪ ማሳጠር ይቻላል።

ራምቦ ቤት የሚባለው ያምራል፣ ፎቶዎቹም ጥሩ ናቸው። ግን ፈረንሳዊው ባለቅኔ የኖረበት ቤት ነው ብለሽ ለልጆቹ እንዳትነግሪያቸው። ሕንፃው ከእሱ በኋላ የተሠራ ነው። ከእሱ ይልቅ አጠገቡ ያለው፣ ራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ ያለው ሙዚየም ይቅደም። አብዱላሂ ሸሪፍ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰበሰቡት መጽሐፍ፣ ጌጥና ሳንቲም ነው። ያ ሁሉ በአንድ ሰው ጥረት የተሰበሰበ መሆኑን አባትሽ ይወዱታል ብዬ እገምታለሁ። ከተቻለ አንድ ሌሊት በባህላዊ የሐረሪ ቤት ውስጥ እደሩ። ልጆቹ ነደባው፣ ከፍ ያለው መደብ ላይ ይተኛሉ። የአባትሽ ጉልበት ግን ደረጃና ኮብልስቶን ይችላል ወይ? ካልቻለ ከግንቡ ውጭ እደሩና እሳቸውን በፔጆ 404 አዙሯቸው። ሰማያዊና ነጩ ታክሲ ካለ ማለቴ ነው፤ ባጃጅ እያሳደደው ነው። ማታ ሰው ጅብ ሲያበላ ትንሿ ልጅ ካላየች ወንድምሽን ይቅር አትለውም።

በመጨረሻ ወንድምሽ። እሱም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። መመለሻው ላይ የእሱን ሐሳብ ውሰጂ። አባትሽ፣ እሱና ልጆቹ ከድሬ በአውሮፕላን ይመለሱ። መኪናውን አንቺና ሾፌሩ ይዛችሁ ተመለሱ፣ ወይም ሾፌሩ ብቻውን ይምጣ። ሄዶ መመለሱን በመኪና ለ74 ዓመት ሰው እኔም አልመክርም። «መሄጃው የእኔ፣ መመለሻው የአንተ» በይው። በዚህ የማይስማማ ወንድም ካለ ሌላ ደብዳቤ ጻፊልኝ።

ትኬቱን ስትቆርጡ የጠዋቱን በረራ እንዳትይዙ። የከሰዓቱን ያዙ። አባትሽ ፈጢራ ሳይበሉ፣ ጓደኞቻቸውን ሳይሰናበቱ ከድሬ አይወጡም። ደብተሩን ዛሬ ግዢ።